የ9 ቮልት እኩሌታ

741 የምትባለውን አይሲ እግሮች አንድ በአንድ ቁጠሩ። 7ኛው ፖዘቲቭ፣ 4ኛው ኔጋቲቭ፣ 2ኛና 3ኛው መግቢያ፣ 6ኛው መውጫ ነው። ግራውንድ የሚባል እግር የላትም። ኤሌክትሮኒክስ ስጀምር ይህን ልብ ሳልለው ብዙ ወራት አልፈዋል፤ ልብ ያልኩት ቀን ግን ግራ ሲያጋቡኝ የነበሩት ነገሮች ሁሉ ተራ በተራ ተፈቱልኝ።

ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር፣ ባጭሩ ኦፕአምፕ፣ በሁለት መግቢያዎቹ መካከል ያለውን የቮልት ልዩነት እጅግ አብዝቶ በመውጫው የሚሰጥ ማጉያ ነው። የሚያውቀው ልዩነትን ብቻ ነው። ዜሮ የቱ ጋ እንደሆነ አያውቅም፤ ዜሮን የምንመርጥለት እኛ ነን።

ታዲያ በየመጽሐፉ ፖዘቲቭ 15 እና ኔጋቲቭ 15 ቮልት ተብሎ የሚሳለው ለምንድን ነው? ነገሩ ከሒሳብ የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኦፕአምፖች የተሠሩት ቁጥርን በቮልት እየወከሉ ለሚደምሩና ለሚቀንሱ አናሎግ ኮምፒዩተሮች ነበር፤ ስማቸውም ከዚያው የሒሳብ ስሌት የተወሰደ ነው። ቁጥር ከዜሮ በላይም በታችም ስለሚሆን ዜሮ መሃል መቀመጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጆርጅ ፊልብሪክ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ኬ2-ደብሊው የተባለ ባለ ቫኪዩም ቱቦ ኦፕአምፕ በፖዘቲቭ 300 እና በኔጋቲቭ 300 ቮልት ይሠራ ነበር። በ1968 የፌርቻይልድ 741 ሲመጣ ቮልቱ ወርዷል፤ ሁለት ምንጭ የመጠቀሙ ልማድ ግን ቀጠለ።

በእጃችን ያለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ምንጭ ነው፦ የ9 ቮልት ባትሪ፣ የሶላር 12 ቮልት፣ የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት። ድምፅ ደግሞ ሞገድ ነው፤ ከፍ እንዳለ ሁሉ ዝቅ ማለትም ይፈልጋል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ዜሮ ብለን የማይክሮፎኑን ሞገድ እዚያ ላይ ካሳረፍነው፣ የሞገዱ የታችኛው ግማሽ ከወለል በታች መውረድ አለበት። ከወለል በታች ቮልት የለም፤ ስለዚህ ይቆረጣል። በድምፅ ማጉያው ስትሰሙት የተናጋሪው ቃል ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል።

መፍትሔው ዜሮውን ወደ መሃል ማንሳት ነው። ሁለት እኩል ሬዚስተሮች፣ ለምሳሌ ባለ 100 ኪሎ ኦም፣ ከፖዘቲቭ እስከ ኔጋቲቭ ተከታትለው ይያያዛሉ። መገናኛቸው ላይ የ9 ቮልት እኩሌታ፣ 4.5 ቮልት፣ ይገኛል። እዚያው መገናኛ ላይ ወደ ኔጋቲቭ የሚወርድ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይገባል። ይህን ካፓሲተር ሳያስገቡ የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ በአዳፕተር ሲሠሩ ግን የኤሌክትሪኩ ጉምጉምታ ግማሹ በዚያው መንገድ ወደ ድምፁ ይገባባቸዋል። ከመሃሉ ወደ ፖዘቲቩ መግቢያ የሚሄደው ደግሞ በሌላ 100 ኪሎ ኦም በኩል ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ጉምጉምታውን የሚውጠው ካፓሲተር ድምፁንም አብሮ ይውጠዋል። ማይክሮፎኑ በራሱ ካፓሲተር በኩል ይገባል፤ መውጫውም በካፓሲተር በኩል ይወጣል። ካፓሲተር ሞገዱን አሳልፎ የቆመውን 4.5 ቮልት ያስቀራል።

እኔን ያሳተኝ ሌላ ቦታ ነው። ኤልኤም 358 ወስጄ፣ በ100 ኪሎ ኦምና በ1 ኪሎ ኦም 101 እጥፍ እንዲያጎላ አድርጌ፣ ብየዳውን ጨርሼ ባትሪ ሰጠሁት። ትንፍሽ አላለም። ማልቲሜትሩን መውጫው ላይ ባስነካው 7 ቮልት ተኩል አካባቢ ላይ ቆሟል፤ ብናገርም ባጨበጭብም አይነቃነቅም። ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ለካሁ፣ አይሲውን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ለካ 1 ኪሎ ኦሙን በቀጥታ ከኔጋቲቭ ጋር አያይዤው ኖሯል። ማጉያው የማይክሮፎኑን ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ሳይሆን 4.5 ቮልቱንም በ101 ሊያባዛ ፈልጎ፣ 450 ቮልት ፍለጋ ሲወጣ ጣሪያው ጋ ተጣብቆ ቀርቷል። ከ1 ኪሎ ኦሙ ጋር አንድ 10 ማይክሮ ፋራድ በተከታታይ ስጨምርበት መውጫው ወርዶ 4.5 ላይ ተቀመጠ፤ ድምፄም ጥርት ብሎ ወጣ። ከ16 ኸርትዝ በታች ያለው ይዳከማል፤ ለሰው ድምፅ ግን እዚያ ታች የሚቀር ነገር የለም።

ሁለት ሬዚስተር የሠራው መሃል ደካማ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ መገናኛ ላይ 10 ማይክሮ አምፒር ብቻ ብትስቡ መሃሉ በግማሽ ቮልት ይዋዥቃል። ብዙ ማጉያዎች የሚጋሩት ከሆነ፣ ኤልኤም 358 በአንድ ቅርፊት ሁለት ኦፕአምፕ ስላለው፣ አንዱን መሃሉን እንዲሸከም መመደብ ነው።

በወለልና በጣሪያ መካከል ያለው ቦታም ለሁሉም አይሲ እኩል አይደለም። 741 ከሁለቱም ጫፍ እስከ 3 ቮልት ድረስ ሊያባክን ስለሚችል በ9 ቮልት የሚተርፈው ጠባብ ነው፤ በ5 ቮልት ባትሞክሩት ይሻላል። ኤልኤም 358 የተነደፈው ለአንድ ምንጭ ነው። መግቢያው እስከ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፤ መውጫውም ወደ ወለሉ እጅግ ይጠጋል። ከጣሪያው ግን 1.5 ቮልት ያህል ይቀረዋል። በ4ኛው እግሩ ላይ ግራውንድ ተብሎ ይጻፋል፤ ያው የኔጋቲቭ እግር ነው።

ሙቀት ስትለኩ ደግሞ ሞገድ ስለሌለ መሃል መፍጠር አያስፈልግም። ኤልኤም 35 የተባለው የሙቀት መለኪያ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊ ቮልት ይሰጣል። በ10 እጥፍ አጉልታችሁ 5 ቮልት በሚበላ ኤልኤም 358 ብታሳልፉት፣ 25 ዲግሪ 2.5 ቮልት ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ እንከን የለውም። ይህንኑ መሣሪያ ሰመራ ብትወስዱት 35 ዲግሪ አካባቢ ጣሪያውን ይነካና ይቆማል፤ ውጭው 40 ቢያልፍም አይነግራችሁም። እንደ ኤምሲፒ 6002 ያለ፣ ወለሉም ጋ ጣሪያውም ጋ የሚደርስ ኦፕአምፕ ብትተኩበት ግን እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ያነባል።

ከዚህ ሁሉ ደስ የሚለኝ የሁለቱ ሬዚስተሮች ነገር ነው። ባትሪው እየደከመ 9 ቮልቱ ወደ 7 ሲወርድ፣ ማንም ሳያስተካክለው መሃሉም ወደ 3.5 ይወርዳል፤ ማይክሮፎኑም መሥራቱን ይቀጥላል።