የዩኒቨርሲቲውና የምክር ቤቱ ጉርብትና

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ፓርላማ ጎረቤታሞች ናቸው። የሰዓት ማማ ያለው የፓርላማ ሕንፃ አራት ኪሎ፣ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አጠገብ ቆሟል፤ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢም እዚያው አራት ኪሎ ነው። ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ ቢሆንም በእግር ይደረሳል። የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ላስተያየ ሰው ግን ቅርበቱ የቦታ ብቻ ሆኖ ይታየዋል። የዩኒቨርሲቲው ዕውቀት ወደ አገሪቱ ሕግ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ያለፈው በምክር ቤቱ በር አይደለም፤ በቤተ መንግሥት ወይም በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በኩል ዞሮ ነው። በእኔ እምነት ይህ መንገድ ከሁሉ በላይ የጎዳው ምክር ቤቱን ራሱን ነው።

ነገሩ ከአወላለዳቸው ይጀምራል። ፓርላማው የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ውጤት ነው፤ ሕዝብ በድምፁ የመረጣቸው እንደራሴዎች ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የገቡት ግን በ1950 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1943 በኮሌጅነት ተጀምሮ፣ በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ከንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ ተቀበለ። ሁለቱም የአንድ ዙፋን ችሮታ ስለነበሩ ዓይናቸው ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አላየም። ዛሬም ድረስ ከምንገለገልባቸው ትልልቅ ሕጎች አንዳንዶቹ የተረቀቁትም የሕግ ፋኩልቲው ከመከፈቱ በፊት ነበር። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አረቀቁት፤ ፋኩልቲው ሥራ የጀመረው በ1956 ነው። ስለዚህ የአገሩ ሕግ መምህራን የመጀመሪያ ሥራ ሕግ በማውጣት መሳተፍ ሳይሆን የወጣውን ማስተማርና መተንተን ሆነ።

የሁለቱን ግንኙነት በግልጽ የሚያሳየው የመሬት ጥያቄ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። በጊዜው የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ጉዳይ በእንደራሴዎቹ ፊት ነበር። ተማሪዎቹ የሄዱት ወደ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ወደ ሕግ አውጪው መሆኑ ተገቢው ትኩረት የተሰጠው አይመስለኝም። ሕግ ማውጣት የማን ሥራ እንደሆነ አውቀው፣ ሥራውን እንዲሠራ ጠየቁት። ምክር ቤቱ ግን ለእጩነት የንብረት መስፈርት በነበረበት ሥርዓት የተመረጡ ሰዎች የተቀመጡበት፣ ከበላዩም ንጉሠ ነገሥቱ የሾሟቸው የሕግ መወሰኛ አባላት ያሉበት ነበር። የጭሰኛ ሕግ ረቂቅ እየተነሣ እየወደቀ ዓመታት አለፉ። በመስከረም 1967 ደርግ ፓርላማውን በተነ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ያለ አንዳች እንደራሴ ክርክር ወጣ። ከደጁ የመጣውን ጥያቄ ያልመለሰው ፓርላማ፣ መልሱ ሲመጣ እሱ አልነበረም።

ከዚያ በኋላም የምሁራን ዕውቀት በምክር ቤቱ በኩል ያለማለፉ ልማድ አልተለወጠም። በ1975 የተቋቋመው የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ምሁራንን ሰብስቦ ለአዲሱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሲያዘጋጅ፣ የዚያ ዘመን ምክር ቤት የሆነው፣ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ገና አልተወለደም ነበር። በ2010 የተቋቋመው የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤም የዩኒቨርሲቲ መምህራንን አሳትፎ እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያሉ በጎ ሥራዎችን ሠርቷል። ሥራው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ጉባኤው የተቀመጠው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር፣ ማለትም በአስፈጻሚው በኩል ነው። ረቂቁ ምክር ቤት ሲደርስ የምሁሩ ክርክር አልቆ፣ አማራጮቹም ተጥለው ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ለምክር ቤቱ ሰዎችን ሰጥቷል እኮ የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው። የባዮሎጂው ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስና የፖለቲካ ሳይንሱ ፕሮፌሰር መረራ ጉዲና ተመርጠው ገብተዋል፤ ንግግራቸውም ለተቃውሞው ወገን ክብደት ሰጥቶታል። ሆኖም እነሱ የገቡት የፓርቲና የመራጭ ድምፅ ይዘው እንጂ የዩኒቨርሲቲውን ጥናት ወክለው አይደለም፤ ወንበራቸውን ሲለቁ የሚቀር አሠራር አልነበረም። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም ወንበሮች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ከገቡ፣ ጥናት ማን ሊሰማው? እኔ ግን ከዚሁ ሐቅ ተነሥቼ ተቃራኒውን እላለሁ። ተቃዋሚ ወንበር በሌለበት ቤት ረቂቁን «ይህስ?» ብሎ የሚጠይቅ ድምፅ ከየት ይምጣ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አባሉን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ያደርገዋል፤ ሚኒስቴሩ ካቀረበለት ማብራሪያ ሌላ ምንም ያላነበበ አባል ግን ኅሊናው የሚመዝነው ነገር አይኖረውም።

ዩኒቨርሲቲው ጥናቱን ለምክር ቤቱ ሲያቀርብ ነፃነቱን ያጣል የሚለውን ሥጋት ቀላል አድርጌ አላየውም። ምክር ቤቱ በ2015 ያጸደቀው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ እንዲሆን መንገድ የከፈተው፣ ለዚህ ሥጋት ከፊል መልስ ነው። ቀሪው መልስ በአሠራር ይገኛል። ረቂቅ አዋጅ ከመጀመሪያ ንባብ በኋላ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ የውሳኔ ሐሳብ ተዘጋጅቶ ወደ ምልዓተ ጉባኤው የሚመለሰውም ከዚያ ነው። ጥናት ሊደመጥ የሚችልበት ጊዜ ይኸው ነው። ኮሚቴው ጥያቄውን በጽሑፍ ይላክ፤ ትምህርት ክፍሉ የሚስማማውንም የማይስማማውንም መምህር አስተያየት በጽሑፍ ይመልስ፤ መልሱ ከኮሚቴው ሪፖርት ጋር ተያይዞ ለሁሉም አባላትና ለሕዝብ ይቅረብ። በግልጽ የታተመ አስተያየት ምሁሩን ከፓርቲ አማካሪነት ሐሜት ያድነዋል፤ አባሉም አንብቦ ድምፅ መስጠቱን ወይም ሳያነብ መስጠቱን መራጩ ይለያል። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ መምህራኑም በአብዛኛው በዚያው ወቅት በሥራ ላይ ስለሚገኙ፣ ለመጀመር አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ የአንድ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ደብዳቤ ይበቃል።