ኪኒናቸውን ጥለው ሺፈራው የጠጡት አጎቴ

መቼም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሄደ ሰው ከሚሴን ያውቃታል። ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፋችሁ ስትሄዱ ሙቀቱ ፊታችሁን ገረፍ ያደርጋችኋል፤ ከዚያ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሸለቆ ለጥ ብሎ ይታያል። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ ጨፋ ሳር አያጣም። የኦሮሞውም፣ የአፋሩም፣ የአርጎባውም ከብት እዚያ ይሰማራል። አጎቴ የሚኖሩት እዚህ ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እሳቸው ልብና ስለ እኔ ጥፋት ነው።

አጎቴ ሃምሳን ተሻግረዋል። ራስ ምታት ሲደጋግምባቸው ሄደው ቢለኩ ግፊታቸው 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። አምሎዲፒን የሚባል ኪኒን በቀን አንዴ እንዲውጡ ታዘዘላቸው። ይህን የሰማሁት እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ሁለት እሽግ የሺፈራው ሻይ ገዝቼ በአውቶቡስ ላክሁላቸው። በስልክም «ጋሼ፣ ይኼ የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ፈረንጆቹም አረጋግጠውታል» አልኳቸው። ያረጋገጠውን ፈረንጅ ግን አላውቀውም! ስለ ኪኒኑ ደግሞ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

አራት ወር አለፈ። አንድ ቀን በማለዳ አክስቴ ደወሉ።

«ቶሎ ና! አጎትህ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። አፉም ተጣሟል።»

ስትሮክ ነበር። ሐኪም ዘንድ ተወስደው ነፍሳቸው ተረፈች። ከሚሴ ደርሼ «ኪኒኑንስ ይወስዱ ነበር?» ብዬ አክስቴን ጠየቅኋቸው።

«አንተ ሻዩን ከላክህለት ወዲህ መች ነክቶት!» አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው ስለ ቅጠላ ቅጠልና ስለ ልብ ማንበብ፣ ሐኪምና ፋርማሲስት መጠየቅ የጀመርኩት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ቅጠሉ ውሸት ነው እንዴ?

አይደለም! ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኛን የሺፈራው ቅጠል ጭማቂ ጊኒ ፒግ በሚባሉት ትናንሽ እንስሳት ላይ ሞክረው ግፊታቸው መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። ግን ልብ በሉ፣ ጊኒ ፒግ አጎቴ አይደለም። በቤተ ሙከራ የተመጠነ ጭማቂና በብርጭቆ የተቀዳ ሻይም አንድ አይደሉም።

ነጭ ሽንኩርትም ሥራ አለው። ሲፈጭ ወይም ሲከተከት አሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ያ የሚሸታችሁ እሱ ነው። ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የላይኛውን ቁጥር በጥቂቱ ዝቅ ሲያደርግ ታይቷል። ሳይከተከት እንዳለ ድስት ውስጥ ከተጣለ ግን አሊሲኑን የሚሠራው ኢንዛይም በሙቀት ይሞታል። ስለዚህ ከትክታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩትና ከዚያ ጨምሩት።

ቀይ ሥር ናይትሬት አለው። ሰውነታችን ይህን ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ እሱም የደም ሥርን ያፍታታል። የጨፋ ገበሬ የሚያመርተው ማሽላም ቀላል እንዳይመስላችሁ። በተለይ ቀዩ ፖሊፊኖል በሚባሉት ንጥረ ነገሮች የታወቀ ነው፤ አሰሩም ለአንጀትና ለልብ ይበጃል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የኛው ተልባ ነው። ካናዳ ውስጥ የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ 110 በሽተኞች ተመርጠው ገሚሶቹ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለወራት በሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ፣ በስድስት ወር ውስጥ ተልባ የበሉት የላይኛው ግፊታቸው ካልበሉት ጋር ሲተያይ ወደ 10 ነጥብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እዚህ ላይ ቆም በሉ! በሽተኞቹ ተልባውን የበሉት የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ነው። ተልባው በመድኃኒቱ ላይ ተጨመረ እንጂ መድኃኒቱን አልተካም። እኔ ለአጎቴ ሳልነግራቸው የቀረሁት ይህችን ነገር ነው።

መርዙና መድኃኒቱ ጎረቤት ናቸው

«የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚባለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ እርሱት። ዊሊያም ዊዘሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1775 አንዲት አሮጊት በምስጢር የያዙት የእብጠት መድኃኒት እንዳለ ሰማ። መድኃኒቱ ከ20 የሚበልጡ ዕፅዋት ድብልቅ ነበር። ሐኪሙ ሥራውን የሚሠራው ዲጂታሊስ የተባለው ተክል መሆኑን ለየ፤ አሥር ዓመት ያህል መጠኑን ሲያጠና ቆይቶ በ1785 መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ለልብ ድካም የሚሰጠው ዲጎክሲን የመጣው ከዚሁ ተክል ዘር ነው። መጠኑ ጥቂት ካለፈ ግን ያው መድኃኒት ልብን ያቆማል።

በኛም አገር ምረንዝ የሚባለው ዛፍ አለ። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚመርዙት በዚሁ ዓይነት ዛፍ ነበር። በውስጡ ያለው የልብ መርዝ ኡዋባይን ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ሶማሌዎች የቀስት መርዝን «ዋባዮ» ከሚሉት ነው። በቆላው መንገድ ዳር የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ሰፋፊና አመዳማ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቶቢያም የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለው። አሮጊቷ መድኃኒቱን ያውቁ ነበር፤ ሐኪሙ የጨመረው ልኩን ነው። ልኩ ያልታወቀ ቅጠል ቁማር ነው!

በርጫውስ?

አሁን ደግሞ የማትወዱትን ላንሳ። አጎቴ ጠዋት ሺፈራው ይጠጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ይቅማሉ። ጫትም እኮ ተክል ነው! በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የየመን ሐኪሞችም ድንገተኛ የልብ ሕመም አዘውትረው በሚቅሙ ሰዎች ላይ በብዛት እንደሚታይ ጽፈዋል። ጠዋት አንዱን ቅጠል ለማውረድ፣ ማታ ሌላውን ለመስቀል! ይህ ለከሚሴ ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ አዲስ አበባ ለፈተና ብላችሁ የምትቅሙትንም ይመለከታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ተለኩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ «እኔ ወጣት ነኝ» ማለትም አያድንም።

ሁለተኛ፣ ተልባውን ፈጭታችሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከትክታችሁ፣ ጎመኑንና ቀይ ሥሩን አዘውትራችሁ ብሉ፤ ጨው ቀንሱ። ይህ ምግብ ነው፤ በሽታ ከመምጣቱ በፊትም ከመጣ በኋላም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ኪኒን የታዘዘለት ሰው ግፊቱ ወረደ ብሎ በራሱ አያቋርጥ። የወረደው ኪኒኑ ስለሠራ ነው።

አራተኛ፣ የምትወስዱትን ቅጠል ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አትፈሩ። በተለይ የልብ ቧንቧ በር ተቀይሮላችሁ ዋርፋሪን የምትወስዱ ወጣቶች ተጠንቀቁ። ነጭ ሽንኩርትን እንደ መድኃኒት በብዛት መውሰድ ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የተሞላ ስለሆነ አንድ ሳምንት አብዝቶ፣ አንድ ሳምንት ትቶ መብላት የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል። ጎመኑን ተዉት አላልኩም፤ መጠኑን አታለዋውጡ ነው።

አጎቴ ዛሬ ደህና ናቸው። ቀኝ እጃቸው ሲኒ ያነሳል፣ ማጭድ ግን አይጨብጥም። ኪኒናቸውን ከቁርስ ጋር ይውጣሉ፤ ተልባውንም ይወዱታል። በርጫውን አልተዉም፤ ቀንሰዋል። ባለፈው ስሰናበታቸው በግራ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦

«ስማ ልጄ፣ ስትልክልኝ ቅጠሉን ብቻ አትላክ። ከነወሬው አጣርተህ ላክ።»

እናንተም ለእናት ለአባታችሁ አንድ ነገር ከመላካችሁ በፊት «ኪኒንዎን እየወሰዱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም።