የጨዋታ ሳንቲም ለሁምቦ ተራራ

በጨዋታ ተራራ ይለማል ቢባል ስንቶቻችን እናምናለን? ፋርምቪል የተባለው የፌስቡክ የእርሻ ጨዋታ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የስኳር ድንች ዘር ለተጫዋቾች እየሸጠ ለሄይቲ ሕፃናት እርዳታ አሰባስቧል። (ስኳር ድንች መሆኑን ወላይታዎች ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል!)

እንዲህ ያለው ገንዘብ ግን የአንድ ሰሞን ነው፤ ጨዋታውም በ2020 መጨረሻ ከፌስቡክ ወርዷል። ውኃን መጠበቅ የዓመታት ሥራ ስለሆነ እኔ የምመርጠው የቻይናውን አንት ፎረስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር፣ በእግሩ የሄደ ወይም ሒሳቡን በስልክ የከፈለ ሰው ነጥብ ያገኝበት ነበር፤ ቶሎ ካልሰበሰበው ጓደኛው ይወስድበታል። ነጥቡ ሲሞላ ድርጅቱ በደረቅ መሬት ላይ እውነተኛ ዛፍ ያስተክላል።

ለወላይታ ይህ እንግዳ አይደለም። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከምሳር ተከልሎ ከጉቶው እንዲያገግም ተደርጓል። ወርልድ ቪዥን አገዘ፤ የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ጠበቁት፤ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን ካርቦን ሊገዛ ተዋዋለ። የሚከፈለው ደኑ ተለክቶ ነው። አፈር ጠርጎ ይወርድ የነበረው ዝናብም ዛፍ ሲኖር ወደ መሬት ሰርጎ ምንጭ ይመግባል።

ጠባቂውም ልኬቱም እዚያው አለ። የቀረው ከፋዩ ነው፤ እሱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በተጀመረው ቴሌብር ላይ መፈለግ ይቻላል ባይ ነኝ። ተጫዋቹ ግን ነጥቡ የትኛውን ተዳፋት እንዳስጠበቀለት በስልኩ ማየት አለበት፤ አለዚያ በሁለተኛው ወር ይተወዋል።