የሙዚቃ አልበም ማስታወቂያ በመጽሔት ገጽ ላይ፤ አነባበቡና አሠራሩ

ከሳሪስ በቃሊቲ አድርጎ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን ግድግዳና የመብራት ምሰሶ የተመለከተ ሰው የሙዚቃ ማስታወቂያ መልኩ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አንድ ትልቅ ፊት፣ ከፊቱ ሥር የአልበሙ ስም፣ ከዚያም የሚወጣበት ቀን። በመጽሔት የሚታተመውም፣ ወረቀቱ ከማማሩ በስተቀር፣ ከዚህ እምብዛም አይለይም። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ማስታወቂያ እንዴት መነበብ እንደሚገባው እንመረምራለን፤ ቀጥሎም በምርመራችን መሠረት የነደፍነውን አንድ ገጽ ለአንባቢ እናቀርባለን። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

«አልበም» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ነገር ያስተምራል። በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞሩ የነበሩት የጥንት ሸክላዎች በአንድ ፊታቸው የሚይዙት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ነበረ፣ ረዘም ያለ ሥራ የሚሸጠው ብዙ ሸክላ እንደ ፎቶግራፍ ደብተር ባለ ኪስ መያዣ ውስጥ ተሰድሮ ነበር። መያዣውም አብዛኛውን ጊዜ ጌጥ የሌለው ደብዛዛ ወረቀት ነበር። በ1940 ገደማ አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለ የኮሎምቢያ ኩባንያ ሠራተኛ በመያዣው ላይ ሥዕል ማኖር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ልባሱ ራሱ ሻጭ ሆነ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ደግሞ ሪድ ማይልስ ለብሉ ኖት ኩባንያ በሠራቸው ልባሶች ላይ ፊደል ብቻውን እንደ ሥዕል ሆኖ ሊቆም እንደሚችል አሳየ። የመጽሔት ማስታወቂያ እንግዲህ ከልባሱ የተወለደ ነው፤ መልኩንም ጉድለቱንም የወረሰው ከዚያው ነው።

በአገራችን በ1948 በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ በ1969 አምኃ ሬኮርድስን ያቋቋመው ወጣቱ አምኃ እሸቴ ነው። የመጀመሪያ ሥራዎቹ የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች ሲሆኑ፣ ሸክላዎቹ የተጨመቁት በሕንድ አገር ነበር። አምኃ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ረዣዥም ሸክላዎች አወጣ። ብዙ ሰው «ዓሊ ታንጎ» በሚለው ስም የሚያውቀው ዓሊ አብደላ ካይፋም የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በ1975 አሳተመ። ከዚያ በኋላ ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ የሚብራራው በሴንቲሜትር ነውና። የረዥሙ ሸክላ ልባስ ወርዱም ቁመቱም 30 ሴንቲሜትር ይሆናል። ባለ 45 ዙሩ 18 ያህል ነው። የካሴት ፊት 6 ተኩል በ10 ገደማ ነው። ዛሬ በስልክ ላይ የምናየው ምስል ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ቦታው በጠበበ ቊጥር አንድ ነገር መውጣት ነበረበት። የዘፋኙ ፊት አልወጣም፤ የአልበሙ ስምም አልወጣም። የወጣው የተጫዋቾቹና የአቀናባሪው ስም ነው። ወደ ካሴቱ የውስጥ ወረቀት ተሰደደ፤ በስልክ ዘመን ደግሞ የውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። በአንጻሩ ሙሉው የመጽሔት ገጽ 21 በ29.7 ሴንቲሜትር ነው፤ ቦታ ሞልቶታል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የትንሿን ካሴት መልክ አጕልቶ ከማተም በቀር አይጠቀምበትም። ይህ ልማድ እንጂ ችግር አይደለም ብለን እናምናለን።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ይኖራል። ይሁን እንጂ የግርማ በየነን ነገር እንመልከት። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ከወጡት ሸክላዎች ብዙዎቹን ያቀናበረ ሰው ነው፤ በራሱ ድምፅ የዘፈነው ግን ጥቂት በመሆኑ ሕዝቡ ዜማውን እያወቀ ሰውየውን አላወቀውም። ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖረ፤ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት 30ኛው ቅጽ በስሙ የወጣው በ2017 ነው። የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። እርሱም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። በ1985 በስሙ የወጣ አንድ ካሴት ግን ባሕር ዳር ላይ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ ሰብሳቢው በልባሱ ላይ የተጻፈውን ስም ይዞ ፈልጎ አገኘው፤ ካሴቱም በ2013 እንደ ገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ስም ከሌለ ፍለጋው ከየት ሊጀመር ይችል ነበር? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ለሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ማስታወቂያ አነባበብ ሲነሣ ብዙ መጻሕፍት አራት ደረጃ ይቈጥራሉ፦ ዐይን መሳብ፣ ልብ ማነሣሣት፣ ምኞት ማሳደር፣ ወደ ግዥ ማድረስ። አስተሳሰቡ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአሜሪካ ነጋዴዎች የመጣ ነው። ለሳሙና ሳይበቃ አይቀርም። ለሙዚቃ ግን ዋናውን ችግር ይዘለዋል፤ ወረቀት ድምፅ የለውምና። ስለዚህ እኛ አንድን ማስታወቂያ ስናነብ አስቀድመን የምንጠይቀው «ድምፁን በምን ተካው?» ብለን ነው። በፊት ከሆነ፣ ማስታወቂያው የሚያገለግለው አስቀድሞ የታወቀ ዘፋኝን ብቻ ነው። በአለባበስና በመልክዓ ምድር ከሆነ፣ የሚነግረን ሙዚቃው ከየት እንደ መጣ እንጂ ምን እንደሚመስል አይደለም። በፊደል ቅርጽና በቦታ አጠቃቀም ከሆነ ወደ ምቱና ወደ ፍጥነቱ ሊጠጋ ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄያችን «ማንን አስቀረ?» የሚል ነው፤ መልሱን ከላይ ሰጥተናል።

ፊደልን ካነሣን፣ ከውጭ አገር የንድፍ መጻሕፍት የሚቀዳ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ መልክ ስላለው ርእስን በትልቁ መልክ ብቻ ለይቶ ማሳየት ይቻላል። የእኛ ፊደል እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን ይህን የፈቱት በቀይ ቀለም ነው፤ በብራና ላይ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ይጻፋል። እንግዲህ ቀይን ለስም መስጠት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሌላው ችግር ካዕብን ከሣልስ፣ ራብዕን ከሳድስ የሚለየው ቅጥያ ትንሽ መሆኑ ነው። በጥቍር መደብ ላይ ነጭ ሆኖ በደቃቃ መጠን ሲታተም ቀለሙ ይፈስና ቅጥያውን ይውጠዋል፤ «ሁ» እና «ሂ» አንድ ይሆናሉ። ጥቍር መደብ የሚወድ ነዳፊ ይህን ማተሚያ ቤት ከመድረሱ በፊት ቢያስብበት ይሻለዋል።

ለንድፋችን የመረጥነው የዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጣውን «ቼ በለው» የተሰኘ አልበም ነው። የመረጥነውም ዘፋኝ ስለሌለው ነው፤ የሚለጠፍ ፊት የለም። አንባቢያችን በአቃቂ ወይም በቃሊቲ የሚኖር፣ በፋብሪካ ወይም በጋራዥ የሚሠራ፣ ሙዚቃ በስልኩ የሚሰማ ወጣት ነው እንበል። ይህ ወጣት በተወለደበት ጊዜ ባንዱ ከተበተነ ቈይቷል። ስለዚህ «ዝነኛው» የሚል ቃል ምንም አይነግረውም። ሊነግረው የሚችለው ታሪኩ ነው፦ ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረበት በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤቱ ያልገባ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ይቈይ ነበር፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ርእሳችንን ከዚህ ወሰድን፤ «እስኪነጋ የተጫወቱት» የሚል ሁለት ቃል ነው።

ርእሱ በገጹ ላይኛ ሦስተኛ ክፍል በጥቍር ወፍራም ፊደል ይቀመጣል። በሥዕል ፈንታ ከመሐል የቪብራፎን ሰሌዳዎች አሉ፤ ከረዥሙ ወደ አጭሩ እየጠበቡ የሚወርዱ ጥቍር መስመሮች ናቸው፤ ርቀታቸው እኩል ስላልሆነ ዐይን በእነርሱ ላይ ሲሄድ ይደናቀፋል፤ ይህም ሆን ተብሎ ነው። መስመሮቹ ከገጹ ጫፍ ስለሚያልፉ ለማተሚያ ቤቱ መቍረጫ በየአቅጣጫው 3 ሚሊሜትር ትርፍ ተሰጥቷል። የአልበሙ ስም ከመስመሮቹ ሥር በቀይ ነው። ቀለሙ ጥቍርና ቀይ ብቻ የሆነው ለቍጠባ ብቻ አይደለም፤ ገጹ ከመጽሔቱ ተቀዶ በየሱቁ በፎቶ ኮፒ እንደሚባዛ ስለምናውቅ፣ ቀዩ ወደ ጥቍርነት ሲለወጥ እንኳ እንዲነበብ ነው። በግራ በኩል ታችኛው ማዕዘን በስልክ ካሜራ የሚነበበው ኪው አር ኮድ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ተሰጥቶታል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ በተጨማደደ ወረቀት ላይ አያገለግልም።

ስሞቹ በስተ ቀኝ ናቸው፦ ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቪብራፎን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ መላኬ ገብሬ ባስ ጊታር፣ እያለ እስከ መጨረሻው ተጫዋች ይወርዳል። ከመካከላችን አንዳንዶች የኃይሉንና የሙላቱን ስም እናጕላ፣ ሰው የሚያውቀው እነርሱን ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ ረዥም ነበር። በመጨረሻ ሁሉም በ11 ነጥብ እኩል እንዲጻፉ ተስማማን፤ ማጕላት ከጀመርን ወደዚያው ወደ ትልቁ ፊት እንመለሳለንና። የስሞቹ ዝርዝር በቁመት አምስት ሴንቲሜትር ያህል ይወስዳል። መጽሔት ቦታን በስፋት ስለሚያስከፍል፣ ገንዘብ ያጠረው አሳታሚ ግማሽ ገጽ ብቻ ሲገዛ መጀመሪያ የሚሰርዘው ይህን ዝርዝር እንደሚሆን እንገምታለን። ለዚህ ሲባል ሁለተኛ ንድፍ አዘጋጅተናል፤ በእርሱ ላይ የቪብራፎኑ መስመሮች ወደ ሦስት ተቀንሰዋል፣ ስሞቹ ግን በሙሉ አሉ።