በነፃ የሚታደሉ የቪዲዮ ጨዋታዎች ገቢ ከየት ይመጣል?

በተንቀሳቃሽ ስልክ ከሚዘወተሩት የቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል አብዛኞቹ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ተጠቃሚው ጨዋታውን ከኢንተርኔት ሲያወርድ የሚጠየቀው ገንዘብ የለም፤ ለወራት ተጫውቶም አንድ ሣንቲም ሳያወጣ ሊቀር ይችላል። ያም ሆኖ የጨዋታዎቹ አዘጋጅ ኩባንያዎች በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገቢ ይሰበስባሉ። ኤፒክ ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፎርትናይት ከተሰኘው ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ብቻ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቱን በፍርድ ቤት ክርክር ወቅት የቀረቡ ሰነዶች አመልክተዋል።

ለመሆኑ በነፃ ከሚታደል ጨዋታ ይህን ያህል ገንዘብ የሚገኘው እንዴት ነው?

ቀደም ባሉት ዓመታት የቪዲዮ ጨዋታ እንደ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተሸጦ የሚያበቃ ሸቀጥ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን ሽያጩ የሚጀመረው ተጫዋቹ ወደ ጨዋታው ከገባ በኋላ ነው። ለገፀ ባሕርይው ማስዋቢያ የሚሆን ልብስ፣ የተሻለ የጦር መሣሪያ፣ ለሰዓታት የሚያስጠብቅን ግንባታ በቅጽበት የማስጨረስ መብት፣ ይህ ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ይሸጣል። የደቡብ ኮሪያ ኩባንያዎች በ1990ዎቹ ማብቂያና በ2000ዎቹ መባቻ አሠራሩን ቀድመው ከጀመሩት መካከል ይጠቀሳሉ። አፕል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 በነፃ በሚወርዱ የስልክ ፕሮግራሞች ውስጥ ግዢ እንዲካሄድ ከፈቀደ በኋላ ደግሞ አሠራሩ በመላው ዓለም ተስፋፋ።

ከተጫዋቾቹ የሚከፍሉት ጥቂቶች ናቸው። ካንዲ ክራሽ የተባለው ጨዋታ ባለቤት ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2014 አክሲዮኑን በኒውዮርክ ገበያ ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ እንደተመለከተው፣ በየወሩ ከሚጫወቱት ሰዎች ክፍያ የሚፈጽሙት ከመቶ 4 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሆኖም የኩባንያው የ2013 ገቢ ወደ 1 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ከከፋዮቹም መካከል ከፍተኛውን ድርሻ የሚሸፍኑት እጅግ ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ በዘርፉ የተሰማሩ ነጋዴዎች እነዚህን ደንበኞች «ዓሣ ነባሪ» እያሉ ይጠሯቸዋል። ስያሜው ደንበኛን የማክበር ስሜት ያዘለ አይመስልም። የማይከፍለውም ቢሆን ለኩባንያው ከንቱ አይደለም፤ ለከፋዩ ተጋጣሚና ተመልካች ይሆንለታል፤ ማስታወቂያም ያይለታል። አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ማስተናገድ የሚያስከትለው ወጪ ከምንም የማይቆጠር በመሆኑ በሩን ለሁሉም በነፃ መክፈት ያዋጣል።

ክፍያው በአብዛኛው በቀጥታ በገንዘብ አይፈጸምም። ተጫዋቹ አስቀድሞ በእውነተኛ ገንዘብ የጨዋታውን «ሣንቲም» ወይም «ዕንቁ» ይገዛል፤ ዕቃውን የሚገዛው በዚያ ነው። በመሆኑም አንድ ልብስ 1 ሺህ 200 ዕንቁ ነው ሲባል በብር ወይም በዶላር ስንት እንደሆነ ወዲያው አይታየውም። ዕንቁዎቹ የሚሸጡት በተወሰነ መጠን ታሽገው ስለሆነ ከግዢው በኋላ ብዙውን ጊዜ ለሌላ ዕቃ የማይበቃ ትርፍ ይቀራል። ትርፉም ሌላ እሽግ ለመግዛት ይገፋፋል።

ከሁሉም ይበልጥ ውዝግብ ያስነሳው ግን በዕጣ የሚደረገው ሽያጭ ነው። በዚህ አሠራር ገዢው የሚከፍለው ለታወቀ ዕቃ አይደለም፤ ውስጡ ለማይታይ ሳጥን ነው። ጃፓኖች ሣንቲም ሲከተትባቸው የአሻንጉሊት እንክብል ከሚተፉ መሸጫ ማሽኖች ስም በመውሰድ «ጋቻ» ይሉታል። አሠራሩ ከሎተሪ ጋር ቢመሳሰልም አንድ ዐቢይ ልዩነት አለው። የሎተሪ ዕጣ በአደባባይ ይወጣል፤ የዕጣዎቹም ብዛት አስቀድሞ ይታወቃል። በጨዋታው ሳጥን ግን ዕድሉን የሚወስነው በሻጩ ኮምፒዩተር ላይ የሰፈረ ቁጥር ነው። ሻጩ ቁጥሩን በማንኛውም ሰዓት ሊለውጠው ይችላል፤ ገዢው መለወጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል የደቡብ ኮሪያው ኔክሰን ኩባንያ ጉዳይ ያሳያል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሚያቀርበው ሜፕልስቶሪ በተባለ ነፃ ጨዋታ ውስጥ በግንቦት 2010 «ኪዩብ» የተሰኘ ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ተጫዋቹ ኪዩቡን ሲጠቀም የመሣሪያው ተጨማሪ ችሎታዎች በዕጣ ይቀየራሉ። ያልፈለገው ከወጣ ሌላ ኪዩብ ገዝቶ እንደገና ይሞክራል። የአገሪቱ ፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን ባካሄደው ምርመራ እንዳረጋገጠው፣ ሽያጩ ሲጀመር ሁሉም ችሎታዎች እኩል የመውጣት ዕድል ነበራቸው። ከመስከረም 2010 ጀምሮ ግን ተጫዋቾች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ችሎታዎች ዕድል ሳይነገር እንዲቀንስ ተደረገ። ከነሐሴ 2011 እስከ መጋቢት 2021 ደግሞ አንዳንድ ተፈላጊ ጥምረቶች ከቶ እንዳይወጡ ተደርገው ነበር። በዚያው ነሐሴ ለተጫዋቾች የወጣው ማስታወቂያ ግን በኪዩቡ ላይ ለውጥ አለመደረጉን የሚገልጽ ነበር። ለአሥር ዓመታት ያህል ሰዎች ፈጽሞ ሊወጣ ለማይችል ዕጣ ገንዘብ ሲያወጡ ቆይተዋል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ለሽያጭ የቀረበው «ብላክ ኪዩብ» ጉዳይም ለስሌት ይመቻል። ይህ ዕቃ የመሣሪያውን ደረጃ ወደ መጨረሻው እርከን የማሳደግ ዕድሉ መጀመሪያ 1 ነጥብ 8 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ 1 ነጥብ 4፣ በጥር 2016 ደግሞ ወደ 1 በመቶ ወረደ። ለገዢው የተነገረ ነገር አልነበረም። በአንድ ኪዩብ 2 ሺህ 200 ዎን ሒሳብ ሲሰላ ደረጃውን ለማሳደግ የሚያስፈልገው አማካይ ወጪ ከ122 ሺህ ወደ 220 ሺህ ዎን ከፍ ብሏል። የመለያ ዋጋው ሳይነካ እውነተኛው ዋጋ በ80 በመቶ ጨመረ። ለዚያውም 220 ሺህ ዎን አውጥቶ መቶ ጊዜ ከሞከረ ሰው ከሦስቱ አንዱ ያህል ባዶ እጁን ይቀራል።

ኮሚሽኑ እንዳመለከተው ከኪዩብ ሽያጭ ብቻ ከመስከረም 2010 እስከ መጋቢት 2021 ባለው ጊዜ 550 ቢሊዮን ዎን ገቢ ተገኝቷል። ይህም ከጨዋታው አጠቃላይ ገቢ 30 በመቶ ገደማ ነው።

ጉዳዩ ወደ አደባባይ የወጣው በ2021 መጀመሪያ ነው። ጥርጣሬ ያደረባቸው ተጫዋቾች ገንዘብ አዋጥተው የተቃውሞ መልእክት የተጻፈባቸውን የጭነት መኪናዎች ወደ ኩባንያው ጽሕፈት ቤት ላኩ። ኔክሰን በመጋቢት ወር የዕጣዎቹን ዕድል ይፋ አደረገ። ኮሚሽኑም በጥር 2024 በኩባንያው ላይ 11 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዎን ቅጣት የጣለ ሲሆን፣ ይህም በአገሪቱ የኤሌክትሮኒክ ንግድ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ከተጣሉት ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ኩባንያው በበኩሉ ድርጊቶቹ ተፈጽመዋል በተባለበት ጊዜ ዕድሉን የመግለጽ ሕጋዊ ግዴታ እንዳልነበረበት በመግለጽ ውሳኔውን ተቃውሟል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ግዴታ የሚጥል ሕግ አለመኖሩ እውነት ነው። ኮሚሽኑ የያዘው ነጥብ ግን ገዢዎች መታለላቸውን የሚመለከት ነው።

ከመጋቢት 22 ቀን 2024 ጀምሮ የደቡብ ኮሪያ ሕግ የዕጣ ዕቃዎችን ዕድል መግለጽን ግዴታ አድርጓል። ቻይና ተመሳሳይ ግዴታ የጣለችው በግንቦት 2017 ነው። ጃፓን በ2012 የተወሰኑ ዕጣዎችን አሟልቶ ለሰበሰበ ሽልማት የሚሰጠውን የጋቻ ዓይነት ሕገ ወጥ ስትል፣ የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን ደግሞ በ2018 የተወሰኑ ጨዋታዎችን የዕጣ ሳጥኖች በቁማርነት ፈርጇል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 ጌንሺን ኢምፓክት ከተሰኘው ጨዋታ አቅራቢ ጋር በደረሰበት ስምምነት ኩባንያው 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል፣ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑም ያለ ወላጅ ፈቃድ የዕጣ ሳጥን እንዳይሸጥ ተደርጓል።

ዕድሉ እንዲገለጽ ማድረግ ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። የተገለጸው ቁጥር በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከሚሠራው ጋር አንድ መሆኑን የሚመረምር ባለሙያና ኮምፒዩተሩን ለማየት የሚያስችል ሥልጣን ከሌለ፣ መግለጫው የሻጩ ቃል ከመሆን አያልፍም።

በመስከረም 2024 ኔክሰን በአገሪቱ የሸማቾች ተቋም አማካይነት በተደረገ ሽምግልና 800 ሺህ ለሚሆኑ ተጫዋቾች 21 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዎን ካሣ ለመስጠት ተስማምቷል። ገንዘቡ እኩል ቢከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው 27 ሺህ ዎን ገደማ፣ ማለትም የ12 ብላክ ኪዩብ ዋጋ ነው።