ወጋጎዳ

ወጋጎዳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን ትምህርት ቤቶች እንዲገባ ተዘጋጅቶ የነበረ የጋራ የመማሪያ ቋንቋ ነው። ስሙ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ቋንቋው በመንግሥት ትእዛዝ ወጥቶ በሕዝብ ተቃውሞ ቀርቷል፤ ውዝግቡም ዞኑ እንዲከፋፈል ምክንያት ሆኗል።

የዞኑ አመጣጥ

የሰሜን ኦሞ ሕዝቦች ቀድሞ በአንድ አስተዳደር ሥር አልነበሩም። ወላይታ የሲዳሞ፣ ዳውሮ የከፋ፣ ጋሞና ጎፋ ደግሞ የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር አካል ነበሩ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ሰሜን ኦሞ የሚባል የአስተዳደር አካባቢ ሲቋቋም ዋና ከተማው አርባ ምንጭ ሆነ። ኢሕአዴግም ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሰሜን ኦሞ ዞን ሆኖ ቀጠለ። ከወላይታ ሶዶ ለሚመጣ ባለጉዳይ አርባ ምንጭ ሩቅ ናት፤ የወላይታ የራስ ዞን ጥያቄም ከቋንቋው ጉዳይ በፊት የነበረ ነው።

ቋንቋው እንዴት ተሠራ

አራቱ ንግግሮች ከኦሞቲክ ቤተሰብ የኦሜቶ ክፍል ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም በጣም ይቀራረባሉ። የቋንቋ ምሁራን ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ናቸው ወይስ የአንድ ቋንቋ ዘዬዎች በሚለው ላይ ዛሬም አይስማሙም። ስለዚህ የባለሥልጣናቱ ሐሳብ ከባዶ የተነሣ አልነበረም። ለአራት ሕዝቦች አንድ መጽሐፍ ማሳተም ወጪ ይቀንሳል፤ በአንድ ዞን ውስጥ አንድ የጽሑፍ ቋንቋ መኖሩም ለአስተዳደር ይመቻል። የአካባቢው ገዥ ድርጅት ራሱ የሕዝቦቹን ስም ደርድሮ የያዘ ነበር።

ችግሩ ግን የሚጻፈው ቋንቋ የማንም የአፍ መፍቻ አለመሆኑ ነው። ቃላቱ ከዚህም ከዚያም ተለቅመው በቢሮ ተገጣጠሙ። ወላይትኛ በደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ጭምር የተጻፈ ቋንቋ ነበር፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህም በላቲን ፊደል መማሪያ ሆኖ ነበር። አሁን ልጁ ቤቱ የሚሰማው ሌላ፣ መጽሐፉ ላይ የሚያነበው ሌላ ሊሆን ነው። መምህሩም የሚያስተምርበትን ቋንቋ ራሱ ገና መማር ነበረበት።

በጋሞ ደጋ አንድ ጉዳይ በዱቡሻ፣ ማለትም በአደባባይ ሸንጎ፣ መግባባት እስኪደረስ ይመከርበታል። ወጋጎዳ በእንዲህ ያለ ምክክር አላለፈም፤ የተወሰነው ከላይ ነው።

ሕጉና አሠራሩ

ወቅቱ በወረቀት ላይ የነጻነት ወቅት ነበር። የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 የቅድሚያ ምርመራን አስቀርቷል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም በማንኛውም መልኩ ከልክሎታል። አንቀጽ 39 ደግሞ ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት ይሰጣል። በተግባር ግን ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመንግሥት እጅ ነበሩ፤ የግል ጋዜጦች በአመዛኙ ከአዲስ አበባ አይርቁም ነበር። ለገጠር ተማሪ ዋናው የጽሑፍ ምንጭ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። የወላይትኛውን መጽሐፍ በወጋጎዳ የተካ አካል፣ አንድም ጋዜጣ ሳይዘጋ ሕፃናት በገዛ ቋንቋቸው የሚያነቡትን ነገር ወሰደ።

ተቃውሞው

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1999 (በ1992 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር) አዲሶቹ መጻሕፍት ሲደርሱ በሶዶና በአካባቢው ተማሪዎች፣ መምህራንና ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች በወሰዱት እርምጃ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ። የተቃወሙ መምህራን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

በዚያው ወር፣ ኖቬምበር 17 ቀን፣ ዩኔስኮ ፌብሩዋሪ 21ን የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን አድርጎ ማወጁ አጋጣሚ ነው። ቀኑ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1952 በዳካ ለቤንጋሊ ቋንቋ ሲሰለፉ ከተገደሉ ተማሪዎች ነው። የዳካው ትግል እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1971 ባንግላዴሽ ነጻ አገር ሆናለች። የሶዶዎቹ ጥያቄ ግን ከኢትዮጵያ መገንጠል ሳይሆን ከሰሜን ኦሞ መውጣት ነበር።

ውጤቱ

መንግሥት ወደ ኋላ ተመለሰ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ትምህርቱም በየራሱ ቋንቋ ቀጠለ። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ፈርሶ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ ለየብቻ ዞን ሆኑ፤ ባስኬቶና ኮንታ ልዩ ወረዳዎች ተባሉ። አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ፣ በ2011 ዓ.ም. ጎፋ ራሱን ችሎ ሲወጣም የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ሆነች።

ጥያቄው በዞን አላበቃም። ወላይታ በኋላ ክልል የመሆን ጥያቄ አነሣ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ የወላይታው ድምፅ ግን ተሰርዞ በሰኔ ወር ተደገመ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወላይታ፣ ጋሞና ጎፋ እንደገና በአንድ ጣሪያ ሥር ገብተዋል፤ ዳውሮ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው።