«መትረየስ» ወይስ «መድፍ»? ስለ መርከብ መድፎችና ስለ አውቶማቲክ መድፎች አሰያየም

ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቃ፣ በእሳተ ገሞራ ሐይቆች መካከል የተቆረቆረችው ቢሾፍቱ ስለ መርከብ መድፍ ለሚጽፍ ሰው መነሻ ትሆናለች ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ነገሩን በቃላት በኩል ለሚመረምር ግን ከዚህች ከተማ የተሻለ መነሻ አናገኝም። ደብረ ዘይት በሚል ስም ለረጅም ዘመን በታወቀችው በዚህች የአየር ኃይል ከተማ፣ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ የሶቪየት ኅብረት፣ በመጨረሻም የሩሲያ ሥራ የሆኑ አውሮፕላኖች ተራ በተራ ሲገቡ፣ እያንዳንዳቸው ከመሣሪያው ጋር የየአገራቸውን የአሰያየም ልማድ ይዘው ገብተዋል። (ከዓድዋ ጦርነት ዘመን በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለአብነት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመጣውን ፋየርፍላይ የተባለውን የእንግሊዝ አውሮፕላን እንውሰድ። ይህ አውሮፕላን ከመነሻው የተሠራው ለባሕር ኃይል ነው፤ ከመርከብ ላይ ተነሥቶ መርከብ ላይ እንዲያርፍ የታሰበ ሲሆን፣ በተዋጊነት ሲሠራ በክንፎቹ ውስጥ አራት ባለ 20 ሚሊ ሜትር ሂስፓኖ ይሸከም ነበር። በ1960 የመጣው ኤፍ-86 ስድስት ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ከ1966 ጀምሮ የመጡት ኤፍ-5ዎች ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከ1977 ወዲህ የገቡት ሚግ-21ዎች ባለ 23 ሚሊ ሜትር፣ በ1998 የመጣው ሱ-27 ደግሞ አንድ ባለ 30 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ነበራቸው። የእንግሊዝኛው የማስተማሪያ መጽሐፍ የኤፍ-86ን መሣሪያ «ማሽን ገን»፣ የኤፍ-5ን ደግሞ «ካነን» ይለዋል። ሩሲያኛውም በበኩሉ «ፑሊምዮት» እና «ፑሽካ» እያለ ይለያያቸዋል። በአማርኛ ግን ከአውሮፕላን የሚተኮሰው ሁሉ በተለምዶ «መትረየስ» ነው። ተርጓሚው ሁለቱን የውጭ ቃላት ባንድ የአማርኛ ቃል ሲያስገባ ምን ይጠፋል? ልዩነቱ የመጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላሳሰበን ነበር።

በቅድሚያ ቃላቱን ራሳቸውን እንመልከት። «መድፍ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ መግፋትን የሚያመለክተው «ደፈዐ» ነው። ከአማርኛው «ደፋ» ጋር ማያያዝ የሚቀናው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ዝምድናው ግን በድምፅ ብቻ ነው። «መትረየስ» ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው። ፈረንሳዮች ቃሉን በ1870 ከፕሩሲያ ጋር በተዋጉበት ጊዜ ይዘውት ለነበረው፣ ብዙ ቱቦዎች በአንድነት ታስረው በእጅ ማንሻ ለሚተኮሱበት መሣሪያ ሰጡት፤ መሣሪያው ሲቀር ስሙ ወደ ኋለኛው ተወርዋሪ እሳት ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ እኛ መጣ። ስለዚህ «መትረየስ» ሲወለድ ጀምሮ ፍች የለወጠ ቃል ነው። «ካነን» የሚለው ደግሞ ሸምበቆን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመነጨ ነው። ከዚያው ሥር የመለኪያ ዘንግ፣ ቀጥሎም ሥርዓትና ሕግ የሚል ፍች ወጥቶ በግእዝ «ቀኖና» ሆኗል። መድፍና ቀኖና ከአንድ ሸምበቆ መብቀላቸው ለቋንቋ ተመራማሪ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ለተርጓሚው ግን የሚፈይደው የለም።

የሚፈይደው ወሰኑ የት እንደተሰመረ ማወቅ ነው። መቅደላ በወደቀበት ዓመት፣ በ1868 መጨረሻ፣ የአውሮፓ መንግሥታት በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ተሰብስበው ክብደቱ ከ400 ግራም በታች የሆነ የሚፈነዳ አረር እርስ በርሳቸው በሚያደርጉት ጦርነት እንዳይተኩሱ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ሆችኪስ የሠራው ባለ 37 ሚሊ ሜትር መሣሪያ አረሩ ከዚህ ገደብ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ፈንጂ መያዝ የሚፈቀድለት ሆነ፤ «መድፍ» የመባል መብትም ያገኘው በዚህ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከኢትዮጵያ ወገን ከነበሩት መሣሪያዎች መካከልም የሆችኪስ ሥራ የሆኑ ፈጣን መድፎች ይገኙ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ሲመጣ የክብደቱ ገደብ በተግባር ተሸረሸረ። ጀርመኖች ቤከር የተባለውን ባለ 20 ሚሊ ሜትር አውቶማቲክ መድፍ ሠሩ፤ ከእርሱም የስዊሱ ኦርሊኮን ተገኘ። በ1935 የኢጣሊያ ወረራ ሲጀመር ለአየር መከላከያ ከነበሩን ጥቂት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ኦርሊኮን ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሰኑ በአብዛኛው በ20 ሚሊ ሜትር ላይ ጸንቷል። ምክንያቱም ከዚህ መጠን ጀምሮ አረሩ በውስጡ ፈንጂና ፊውዝ ለመያዝ የሚበቃ ቦታ አለው። ከዚያ በታች ያለው በዋነኛነት የሚጎዳው በመውጋት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በመፈንዳት ጭምር ነው።

እንግዲህ «መትረየስ» እና «መድፍ» የሚለያዩት በድምፃቸው ትልቅነት ሳይሆን ጥይቱን በሚይዘው ሰው ዘንድ በሚያስከትሉት ግዴታ ነው። የ12.7 ሚሊ ሜትሩ ጥይት ከእጅ ቢወድቅ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ፊውዝ ያለው የ20 ሚሊ ሜትር ጥይት ቢወድቅ የሚፈራው ሌላ ነው። አከማቸቱ፣ አጓጓዙ፣ ከአውሮፕላን ላይ አወራረዱ ሁሉ ይለያያል። ስለሆነም ከ20 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያለውን «አውቶማቲክ መድፍ»፣ ከዚያ በታች ያለውን «መትረየስ» እንዲባል እናሳስባለን። «ፊውዝ» የሚለው ቃል በአማርኛ አንባቢ ዘንድ የመብራት ቆጣሪን የሚያስታውስ ስለሆነ፣ ቢያንስ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ «የአረር ፊውዝ» ቢባል ይሻላል።

«አውቶማቲክ» በሚለው ቦታ «ራስ ሠር» ይባል የሚሉ አሉ። ቃሉን አንጠላውም፤ ሆኖም በመሣሪያ ላይ ሲውል አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ማክሲም በ1880ዎቹ የፈለሰፈው አሠራር በእርግጥ ራስ ሠር ነው። የተኩሱ ርግጫ ራሱ ቀልሃውን አውጥቶ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ሌሎች በርግጫ ፈንታ በባሩዱ ጋዝ ይሠራሉ። ቩልካን የተባለው የአሜሪካ መድፍ ግን የሚንቀሳቀሰው ከውጭ በሚመጣ ኃይል ነው፤ ሞተሩ ካልዞረ አይተኩስም። ይህ ልዩነት ጥይት ሲከሽፍ ጎልቶ ይታያል። በራሱ ኃይል የሚሠራው መድፍ ጥይት ከከሸፈበት ይቆማል፤ ከውጭ ኃይል የሚያገኘው ግን የከሸፈውን አውጥቶ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ተርጓሚው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። አማርኛ «ከሸፈ» ሲል ነገሩ አብቅቷል ማለቱ ነው። የውጭዎቹ መጻሕፍት ግን ጨርሶ ያልተኮሰውን ጥይትና ተመትቶ ለጥቂት ጊዜ ዘግይቶ የሚተኩሰውን ጥይት በሁለት ቃል ይለያሉ። ሁለቱም «የከሸፈ» ተብለው ቢተረጎሙ፣ ባለሙያው ሊጠብቅ የሚገባውን ጊዜ ሳይጠብቅ የመድፉን ኋላ ሊከፍት ይችላል። «ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት» ረጅም ነው፤ ቢረዝምም ይቆይልን እንላለን።

«ተሽከርካሪ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያስቸግራል። የኤፍ-5 መድፍ ቱቦው አንድ ነው፤ የሚዞረው ከበስተኋላው እንደ ሽጉጥ ጎማ ያለው፣ ጥይት የሚጎርስባቸው ክፍሎች ያሉበት ከበሮ ነው። በቩልካን የሚዞሩት ቱቦዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱንም «ተሽከርካሪ መድፍ» ብሎ መተርጎም ሁለቱን ከማደባለቁም በላይ፣ አንባቢው በመኪና ላይ የተጫነ መድፍ መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሆችኪስ አምስት ቱቦዎቹ የሚዞሩትን መሣሪያውን የሰየመበት የፈረንሳይኛ ቃል ዛሬ የሚያገለግለው ቱቦው ለማይዞረው ነው። በእኛ በኩል «ባለ ዟሪ ከበሮ» እና «ባለ ዟሪ ቱቦ» ብንል የሚዞረው ምን እንደሆነ ስሙ ራሱ ይናገራል። የሚግ-21 መድፍ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ የአንደኛው ቱቦ ተኩስ የሁለተኛውን የሚያጎርስበት አሠራር ስለሆነ «ጥንድ ቱቦ» ይበቃዋል።

ወደ መርከቡ እንመለስ። የንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ኃይል በ1962 ከአሜሪካ የተረከባትና «ኢትዮጵያ» ተብላ የተሰየመችው መርከብ በ1944 «ኦርካ» በሚል ስም አገልግሎት የጀመረች ነበረች። ዋናው መድፏ በአሜሪካ አጻጻፍ «5 ኢንች፣ 38 ካሊበር» ይባላል። ይህን ያየ ተርጓሚ ሁለት የተለያዩ መድፎች ያሉ ሊመስለው ይችላል። ካሊበር እዚህ ላይ የውስጥ ስፋት አይደለም፤ የርዝመት መስፈሪያ ነው። የቱቦው ርዝመት የስፋቱን 38 እጥፍ፣ ማለትም 190 ኢንች ወይም 4.83 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። በአንጻሩ የኤፍ-86 መትረየስ «50 ካሊበር» ሲባል የኢንች መቶኛ 50፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ማለት ነው። ይኸው «50 ካሊበር» በመርከብ መድፍ ላይ ቢጻፍ ደግሞ የስፋቱን 50 እጥፍ የሚረዝም ቱቦ ይሆናል። ስለሆነም በአማርኛ ስፋቱ ሁልጊዜ በሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም «የስፋቱ 38 እጥፍ» እየተባለ ቢጻፍ፣ «ካሊበር» የሚለውን ቃል ያለ ማብራሪያ ከመተው የተሻለ ነው።

ከዚያው መድፍ ሳንርቅ፣ «ጥይት» የሚለው ቃልም እዚህ ላይ ይፈተናል። በጠመንጃ ጊዜ ጥይት ስንል አረሩ፣ ባሩዱና ቀልሃው አንድ ሆነው ነው። በመርከቧ መድፍ ግን 25 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው አረርና ባሩዱን የያዘው ቀልሃ ተለያይተው ይመጣሉ፤ መድፈኞቹ በሁለት እጅ ያቀብሏቸዋል። ስለዚህ «አረር» እና «ቀልሃ» የተባሉትን ነባር ቃላት በየቦታቸው መጠቀም ይገባል። እነዚህን የመሰሉ ቃላት እያሉን «ፕሮጀክታይል» ለማለት ምንም ምክንያት የለንም።

«ፈጣን መድፍ» የተባለው ነገር የተወለደው በባሕር ላይ ነው። በ1880ዎቹ ትናንሽ ባለ ቶርፒዶ ጀልባዎች ትላልቁን መርከብ በሌሊት ቀርበው ማስፈራራት በጀመሩ ጊዜ፣ ከባዱ መድፍ ዞሮ እስኪያነጣጥር ጀልባዋ ደርሳ ታመልጥ ነበር። በዚህ የተነሣ አረርና ባሩዱ በአንድ ቀልሃ የተያዙለት፣ ከተኩስ በኋላ ቱቦው ወደ ቦታው የሚመለስለት፣ ኋላው በፍጥነት የሚከፈት ትንሽ መድፍ ተሠራ። ግን የሚያጎርሰው ሰው ነበር፤ አውቶማቲክ አልነበረም። ተርጓሚዎች ሁለቱን ማደባለቃቸው የተለመደ ነው። በዚያው ላይ «የተኩስ ፍጥነት» የሚለው ሐረግ አንዳንዴ በደቂቃ የሚተኮሰውን ብዛት፣ አንዳንዴም አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለውን ፍጥነት እየያዘ ይገኛል። የመጀመሪያውን «የተኩስ ብዛት በደቂቃ»፣ ሁለተኛውን «የአረር መነሻ ፍጥነት» ማለት ጥርጥር አያስቀርም።

«የመርከብ መድፍ» እና «የባሕር ኃይል መድፍ» አንድ ናቸውን? በክሪሚያ ጦርነት ሩሲያውያን የመርከቦቻቸውን መድፎች አውርደው በሴባስቶፖል ምሽጎች ላይ ተክለዋል። ከዚህች የወደብ ከተማ ስም ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ላስቀረጹት ታላቅ መድፍ ስያሜ መሆኑ ይታወቃል። ከመርከብ የወረደ መድፍ የባሕር ኃይል እንደሆነ ይቆያል፤ የመርከብ መድፍ መባሉ ግን ይቀራል። ሁለቱ ቃላት ቢለያዩ ጥቅም አላቸው፤ አንደኛው ቦታን፣ ሌላው ባለቤትን ይናገራልና።

በ1967 እስራኤላዊቷ ኤይላት ከግብፅ ጀልባዎች በተተኮሱ የሶቪየት ሚሳይሎች ከሰጠመች በኋላ የትላልቅ መርከብ መድፎች ዘመን እየመነመነ ሄደ። ትናንሾቹ ግን አዲስ ሥራ አገኙ፤ እየመጣ ያለውን ሚሳይል በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ የሚመቱት እነርሱ ናቸው። ኢትዮጵያም ከሶቪየት ኅብረት ያገኘቻቸው ኦሳ የተባሉት ባለ ሚሳይል ጀልባዎች በራዳር የሚመሩ ጥንድ ጥንድ 30 ሚሊ ሜትር አውቶማቲክ መድፎች ነበሯቸው። ምጽዋ በ1990 ከወደቀችና የባሕር ኃይሉ ከፈረሰ በኋላ እነዚህን ቃላት የሚጠይቅ ሰው ለብዙ ዓመታት አልነበረም። በ2018 መንግሥት የባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ማሰቡን ካስታወቀ ወዲህ ግን ጥያቄው ተመልሶ መጥቷል። በራዳር የሚመራውን፣ ከመርከቧ ጥግ የሚመጣውን ሚሳይል የሚመታውን መድፍ «የቅርብ መከላከያ መድፍ» ልንለው እንችላለን። መድፉንና ራዳሩን በአንድነት ስንጠራ «የቅርብ መከላከያ ሥርዓት» ይሆናል። አንዳንዶች በዚህ ቦታ «የመጨረሻ መከላከያ» ማለትን ይመርጣሉ፤ ይሁን እንጂ መርከቧ ከዚያም በኋላ ሚሳይሉን የምታታልልባቸው ሌሎች ዘዴዎች ሊኖሯት ስለሚችሉ «ቅርብ» የሚለውን እንመርጣለን።